በ2.61 ማስተርስ ገባሁ፤ የቱሉ ዲምቱው ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ

የማስተርስ ማመልከቻዬን ያቃኑልኝ የኮፒ ቤቱ ጋሼ ስማቸው እንዲጠራ አይፈልጉም። «ሰው ተሰልፎብኝ ቡናዬን ሳልጠጣ ልዋል?» ብለው ተቆጡኝ። ስለዚህ ስምም ስልክም አልጽፍም። ቦታውን ግን እናገራለሁ፤ እሱን አልከለከሉኝም።

አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከታክሲ ተራው ወደ ውስጥ ገባ ስትሉ፣ ከአትክልት ቤቱ ቀጥሎ፣ ጠባብ ኮፒ ቤት አለች። በሯ ላይ «ጽሕፈት፣ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» ይላል። ከሌላው ኮፒ ቤት የምትለየው በባለቤቱ ነው። ጋሼ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሠሩት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ውስጥ ነው። ስቱደንት ኮፒ (ተመራቂው እጅ ላይ የሚቀረውን የውጤት ወረቀት) ሲሰጧቸው፣ ሽማግሌ ጋዜጣ እንደሚያነብ፣ ከመጨረሻው ገጽ ነው የሚጀምሩት።

እኔ በ2010 ዓ.ም. በሳይኮሎጂ ተመረቅኩ። ውጤቴ ከ4.00 2.61። ለመመረቅ 2.00 ስለሚበቃ ተመርቄያለሁ። ማስተርስ ግን በሐሳቤም አልነበረም። አንድ ሁለት ጊዜ አንስቼ «በዚህ ውጤት ማን ይቀበልሻል?» ተብዬ አፌን ዘጋሁ። ቃሊቲ አካባቢ የሕፃናት ማቆያ ውስጥ ተቀጥሬ ዓመታት አለፉ።

አምና ቆረጥኩ። ቆርጬም መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ነው። ቴሌግራም ላይ «ሞቲቬሽን ሌተር እንጽፋለን፣ መግባታችሁን እናረጋግጣለን» ለሚል ሰው 3,000 ብር ላኩ። ለምን መማር እንደምፈልግ ያስረዳል የተባለው ደብዳቤ በሁለተኛው ቀን መጣ። እንግሊዝኛው ያምራል። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ግን የሌላ ሰው ስም አለ፤ እኔም «ከአካውንቲንግ ዲፓርትመንት የተመረቅኩ» ሆኛለሁ። ስጽፍለት ብሎክ አደረገኝ።

ያንን ደብዳቤ ፕሪንት ላስደርግ ነው ጋሼ ጋ የሄድኩት። ስሙን ብቻ አስተካክዬ ልልከው፤ ብሩ አንገብግቦኝ። ወረቀቱ ከፕሪንተሩ ሲወጣ አነበቡትና «ይቺ አንቺ ነሽ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። «ስቱደንት ኮፒሽን አምጪ» አሉ።

በማግስቱ ይዤ ሄድኩ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር በሩ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። የመጀመሪያውን ዓመት በመዳፋቸው ሸፈኑት። በሌላው እጅ ያቺን በፀሐይ የምትሠራ ካልኩሌተር መቱ። ክሬዲት በግሬድ፣ ክሬዲት በግሬድ። አንደኛ ዓመት ልክ 2.00 ነበር። ቀሪው ሁለት ዓመት 2.91 ሆነ። የመጨረሻው ዓመት ለብቻው ሲወጣ 3.10። እኔ ይህን ስሌት ሠርቼው አላውቅም። ለዓመታት «2.61 ነኝ» እያልኩ ስዞር፣ ቁጥሩ የተሠራው ከሁለት የተለያዩ ሰዎች ነበር።

«አንደኛ ዓመት ምን ሆነሽ ነው?» አሉ። እናቴ ታማ እንደነበር፣ የተመደብኩበት ዩኒቨርሲቲ ሩቅ ስለነበር በየወሩ እመላለስ እንደነበር ነገርኳቸው። መናገር ስጀምር ማቆም አልቻልኩም። እጃቸውን አነሱ። «ደብዳቤው ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው የሚፈቀድልሽ። ሦስተኛው ልመና ይሆናል።»

አንዱ ምን እንደተፈጠረ፣ ሁለተኛው ከዚያ በኋላ ውጤቱ የት እንደደረሰ። በቃ።

የቀረውን ደብዳቤ አራት ጊዜ መለሱብኝ። የመጀመሪያው «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው መርዳት እወዳለሁ» ብሎ ይጀምራል። እስክሪብቶ አወጡና ሰረዙት። «ይህንን ነርሷም ቄሱም ይጽፈዋል። አንቺ ምን አየሽ?» ያየሁትን ጻፍኩ። ማቆያው ውስጥ አንድ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ ጥላው ስትሄድ አያለቅስም። ጫማውን ያወልቅና እስክትመለስ ድረስ ታቅፎት ይቀመጣል። ማልቀሱን ያቆመ ልጅ ለምዷል ማለት ነው ብለን የምናልፈው ነገር ትክክል ይሁን አይሁን ማወቅ እፈልጋለሁ ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህ ያንቺ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ ፊደል ከማረም በቀር አልነኩትም።

ሪኮመንዴሽን ላይ፣ መምህር ስለ እኔ በሚጽፈው የድጋፍ ደብዳቤ ላይም ተጣልተናል። እኔ ትልቅ ማዕረግ ያለው መምህር ፈልጌ ነበር። እሳቸው ሲኒየር ኢሴይ፣ ማለትም የመመረቂያ ጥናቴን ያማከረኝ መምህር ካልሆነ አሉ። እሱ ገና ወጣት ነው፣ ዶክተርም አይደለም። ግን ስደውልለት መጠይቄን አማርኛ ለማድረግ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አስታወሰ፤ ደብዳቤውም ላይ ጻፈው።

በነገራችን ላይ አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅም ሳይኮሎጂ ነው የምትማረው። ይህን ስነግራት ሳቀች። እዚያም ብዙ ቦታ 3.0 ላይ መስመር ያሰምራሉ፤ አንዳንዶቹ ግን የመጨረሻውን 60 ክሬዲት (የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ያህል) ለብቻው ያያሉ። ጂአርኢ የሚባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናም ከኮቪድ ወዲህ ብዙዎቹ ግዴታ መሆኑን አንስተዋል። እሷ ክሊኒካል ፒኤችዲ ነበር የምትመኘው። እሱ እዚያም ፉክክሩ ከባድ ስለሆነ መጀመሪያ ማስተርስ ያዘች፤ ጎን ለጎን አንድ የምርምር ላብራቶሪ ውስጥ በነፃ ዳታ ስታስገባ ከረመች። ውጤቷ ዝቅ ስላለ ሌላ የምታሳየው ነገር ያስፈልጋት ነበር። የጋሼ መዳፍ አሜሪካም ይሠራል ማለት ነው።

ጋት በሚባለው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ላይ ጋሼ አይረዱም። «ያ የእናንተ ጣጣ ነው» ይላሉ። እንግሊዝኛውንም፣ ሂሳቡንም፣ አናሊቲካሉንም ማታ ማታ ብቻዬን ነው ያጠናሁት። ሂሳቡ ገደለኝ፤ ግን አለፍኩ። ፈተናው ላይ ስትቀመጡ የዲግሪ ውጤታችሁን የሚጠይቃችሁ እንደሌለ ያወቅኩ ቀን ነው ደስ ብሎኝ ማጥናት የጀመርኩት።

አንድ ነገር ቀድመው ባይነግሩኝ ግን ሁሉም ገደል ይገባ ነበር። ኮስት ሼሪንግ። የዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራቱ ዕዳ ሳይዘጋ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት (የተረጋገጠው የውጤት ማስረጃ) አይለቀቅም። ኦፊሻሉ ደግሞ በእጅ አይሰጥም፤ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚላከው። ማመልከቻ ሲከፈት ልጀምረው ነበር ያሰብኩት። «ዛሬ ጀምሪ» አሉኝ። ጀመርኩ። የደረሰው መዝጊያው ሦስት ቀን ሲቀረው ነው።

ሁለት ቦታ አመለከትኩ። አንዱ አልተቀበለኝም። ሁለተኛው ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ገና ቁጭ ከማለቴ አንደኛው መምህር ወረቀቱን ገልብጦ «አንደኛ ዓመት ላይ ምን ተፈጠረ?» አለኝ። ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ተናገርኩና ዝም አልኩ። ዝም ማለቱ ነው የከበደኝ። ራሱን ነቀነቀና ስለ ልጁና ስለ ጫማው ጠየቀኝ።

አሁን ካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ሴሚስተር ላይ ነኝ።

ለዚህ ሁሉ ጋሼ ያስከፈሉኝ የፕሪንትና የኮፒ ብቻ ነው። ጨማምሬ ብሰጣቸው መልሱን ቆጥረው እጄ ላይ አስቀመጡት። የቡና ዱቄት ይዤ ስሄድ ግን ተቀበሉኝ። ብልሃቱ እሱ ነው።

እንዳትታለሉ፣ ጠባይ አላቸው። ጻፉልኝ ካላችሁ ያባርሯችኋል። ቴሌግራም አይጠቀሙም። ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ምሳ ነው፤ በር ብታንኳኩም አይከፍቱም። ፍላሻችሁ ቫይረስ ካለው ኮምፒውተራቸው አጠገብ አትደርሱም። ስቱደንት ኮፒውን ደግሞ ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ፤ በስልክ የተነሳ ፎቶ አያዩም።