የግቢ የውሃ ጉድጓድ፦ አርማታ፣ ድንጋይ ግንብ ወይስ ሮቶ? ቤቱን ለመሸጥ ላሰበ ሰው

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ግቢው ውስጥ የውሃ ማጠራቀሚያ ሊያስቆፍር ሲነሣ የሚጠይቀው ያው ነው፦ «በድንጋይ ይገንባ፣ በአርማታ ይሞላ ወይስ ሮቶ ገዝቼ ልገላገል? ነገ ቤቱን ብሸጠውስ ያወጣሁትን ያመጣልኛል?» ለሚሸጥ ቤት መልሱ አርማታ ነው። ድንጋይ ግንብ በግማሽ ዋጋ ያልቃል የሚባለው ወሬ ሒሳብ ሲሠራለት አይቆምም።

ሒሳቡ ይኸው። 10 ሺህ ሊትር የሚይዝ ጉድጓድ ውስጡ 2.5 በ2.5 ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት 1.6 ነው፤ ከላይ 20 ሳንቲም ባዶ ስለሚተው ግድግዳው 1.8 ሜትር ይቆማል። በአርማታ ሲሆን ግድግዳውና ወለሉ 20 ሳንቲም፣ ሶሌታው (የላዩ ክዳን አርማታ) 15 ሳንቲም ይወፍራሉ። ሁሉም ተደምሮ 7 ሜትር ኩብ አይሞላም። በ1፡2፡3 ድብልቅ (ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር) ለአንድ ሜትር ኩብ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ 7 ከረጢት ከፍ ያለ ይገባል፤ በጠቅላላ 50 ከረጢት ገደማ ማለት ነው።

ድንጋዩን እንይ። የግንቡ ውፍረት ከ50 ሳንቲም ማነስ የለበትም። ግንቡ ብቻ 11 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ሲሶው የሲሚንቶ ጭቃ ስለሆነ ከ25 እስከ 28 ከረጢት ይበላል። ግድግዳው ስለወፈረ ወለሉና ሶሌታው ከ2.9 ወደ 3.5 ሜትር ይሰፋሉ፤ እነሱ ሌላ 31 ከረጢት ይወስዳሉ። ስለዚህ ድንጋዩ በሲሚንቶ በኩል ምንም አያተርፍም፣ እንዲያውም ይበልጣል። የሚያተርፈው የግድግዳውን ፌሮ፣ ማለትም ባለ 12 ሚሊ ሜትሩን 38 ቤርጋ ገደማ፣ እና የግድግዳውን ካሳፎርማ (አርማታው የሚሞላበትን ቅርጽ) ነው። ከዚያ ላይ ደግሞ መልሶ ይወስዳል፦ ለመሥሪያ ቦታ በየጎኑ ግማሽ ሜትር ሲተው የሚቆፈረው አፈር ከ33 ወደ 44 ሜትር ኩብ ያድጋል። ደሴ ላይ ጦሳ ተራራ ሥር ባለ ቁልቁል ግቢ ውስጥ አፈር ማውጣትና ማስጫን ምን ያህል እንደሚያስወጣ የሞከረው ያውቀዋል። የዕለቱን የፌሮ፣ የድንጋይና የጭነት ዋጋ ይዛችሁ እነዚህን ቁጥሮች አባዙ። ልዩነቱ አለ፣ ግን ከተወራው በጣም ያንሳል።

ለዚያች ልዩነት ሲባል ደግሞ የሚገዛው ችግር ትልቅ ነው። ድንጋይ ግንብ ጫናን እንጂ መሳብን አይችልም። የኮምቦልቻው የቦርከና ሜዳ ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳውን አንዴ ይገፋዋል፣ አንዴ ይለቀዋል። መጋጠሚያው ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ከተከፈተች ልስኑ አብሮ ይቀደዳል። በየዓመቱ ቢለሰን በየዓመቱ ያፈስሳል፣ ምክንያቱም የሚንቀሳቀሰው ከልስኑ ጀርባ ያለው ግንብ ነው። አርማታም ቢሆን ዋልካ ላይ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከወለሉ ሥር ቢያንስ 50 ሳንቲም ዋልካ ወጥቶ ሰሌክት (የማያብጥ የተመረጠ) አፈር በየ20 ሳንቲሙ እየተጠቀጠቀ ይሞላ፣ ጎኑም በጠጠር ይሞላ። ደሴ ላይ ፈተናው ሌላ ነው፤ ግማሹ በተቆረጠ መሬት፣ ግማሹ በሙሌት ላይ የተቀመጠ ጉድጓድ በሙሌቱ በኩል ሰምጦ ይሰበራል። ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ በወጣው በኩል አስቀምጡት፣ ከሽንት ቤት ጉድጓድም በላይ በኩል ይሁን። በብሎኬት ልሥራልህ የሚል ካለ አትስሙት።

ሮቶ መጥፎ ዕቃ አይደለም፤ ለሚከራይ ሰው እሱ ነው የሚሻለው። ለሽያጭ ግን ገዢ እንደ ቤት ዕቃ ነው የሚያየው፣ «ይዘኸው ትሄዳለህ ወይስ ትተወዋለህ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ ዋጋ አይጨምርበትም። ከሁሉ የሚከፋው ከመሬት በላይ እንዲቀመጥ የተሠራውን ሮቶ መቅበር ነው። ባዶውን ሲሆን አፈሩ ጎኑን ያጎብጠዋል፤ ዙሪያው በውሃ ከሞላ ደግሞ 10 ሺህ ሊትሩ በ10 ቶን ያህል ኃይል ወደ ላይ ይገፋል፣ ቧንቧውን ሁሉ ገንጥሎ ይወጣል። ከመሬት በላይም ቢሆን ሥሩ በሙሉ ሜዳ ይፈልጋል፤ በተራራቁ ብረቶች ላይ ከተቀመጠ ሆዱ ይወርድና ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀውን በጋለ ብረት ማጣበቅ ብዙ አያቆየውም። ተመሳስሎ የተሠራውን ለመለየት ውስጡ የእጅ ባትሪ አብሩና ከውጭ እዩ፦ ብርሃን ካሳለፈ ስስ ነው፣ አልጌም ያበቅላል። ክዳኑን ከፍታችሁ አሽትቱ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸት ከሆነ ተዉት። ስሙ በተለጠፈ ወረቀት ብቻ ከሆነም ተጠራጠሩ።

አርማታ የሚያፈስሰው ብዙ ጊዜ ሦስት ቦታ ላይ ነው፤ ሠሪውንም የምትለዩት በእነዚሁ ነው። አንደኛው የወለልና የግድግዳ መጋጠሚያ። «እዚህ ጋ ምን ታደርጋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። «ልስኑ ይይዘዋል ጋሼ፣ አያሳስብህ» ካለ ሌላ ፈልጉ። የሚያውቅ ሰው ከወለሉ ጋር አብሮ 15 ሳንቲም ግድግዳ ያስነሣል፣ መሐሉ ላይ ወተር ስቶፕ (ውሃ የሚያግድ ጥብጣብ) ይቀብራል፣ ግድግዳውን በማግስቱ ሳይሆን የመጋጠሚያው ፊት ከተፋቀና ከታጠበ በኋላ ይሞላል። ሁለተኛው ካሳፎርማውን ያሠረው ሽቦ ነው፤ 3 ሳንቲም ወደ ውስጥ ተፈልፍሎ ይቆረጥና በሲሚንቶ ይደፈን። ሦስተኛው ቧንቧው የሚያልፍበት ነው፤ ቧንቧ አርማታው ሲሞላ አብሮ ይቀበራል እንጂ በኋላ በመሮ አይበሳም። ቫይብሬተር (አርማታውን እያንቀጠቀጠ የሚያጠቀጥቅ መሣሪያ) የሌለው ሠሪ ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። አሸዋውንም ፈትኑት፦ ጠርሙስ ውስጥ 10 ሳንቲም አሸዋ፣ ውሃና ትንሽ ጨው ጨምራችሁ ናጡና አሳድሩት፤ በላዩ የሚቀመጠው ጭቃ ከ6 ሚሊ ሜትር ከበለጠ መልሱት። ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ሲሚንቶ ከሆነ አርማታው 14 ቀን ውሃ ይጠጣ፤ የኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ ደግሞ ማዳበሪያ ከረጢት አልብሱት።

ዙሪያው በአፈር ከመሞላቱ በፊት ጉድጓዱ ሙሉ ውሃ ይሞላ። የመጀመሪያውን ሳምንት አርማታው ራሱ ይጠጣል፣ ስለዚህ ጨምሩበት። ከዚያ ግድግዳው ላይ በምስማር ምልክት አድርጉና ክዳኑን ዝጉ፤ በሁለተኛው ሳምንት ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከወረደ ያፈስሳል፣ ቦታውም ከውጭ እርጥብ ሆኖ ይታያል። የሠሪው ውል በእጅ ዋጋ ይሁን፣ ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ። ከክፍያውም አምስተኛው እጅ ከዚህ ፈተና በኋላ የሚከፈል መሆኑ ውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈር፤ ይህን የማይቀበል ሠሪ በሥራው አይተማመንም።

ቤት ገዢ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ፌሮ አይቆጥርም። ስለዚህ አርማታ ከመሞላቱ በፊት ፌሮው ላይ ሜትር ዘርግታችሁ ፎቶ አንሡ፣ የውሃ ፈተናውንም ከነቀኑ አንሡ፣ ከግንባታ ፈቃዱ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት። ክዳኑ 60 በ60 ይሁን፣ ከመሬት 15 ሳንቲም ከፍ ይበል፣ ቁልፍ ይኑረው፤ ልጅ ያለው ገዢ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። የጣሪያውን አሸንዳም አገናኙት፦ 100 ካሬ ቆርቆሮ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ በዘነበ ቁጥር 800 ሊትር ያህል ያስገባል፣ የመጀመሪያው ቆሻሻ ውሃ ግን በሌላ ቧንቧ ይፍሰስ። ለጽዳት የሚገባ ሰው ክዳኑን ቀድሞ ከፍቶ ያናፍስ፣ ከላይም የሚጠብቀው ሰው ይኑር፤ ተዘግቶ የከረመ ጉድጓድ አየሩ ይገድላል።