የሰው ሀብት አስተዳደር በባሕር ዳር፦ ሳትመዘገቡ ሐንድአውቱን እዩ

ባሕር ዳር ላይ የሰው ሀብት አስተዳደርን በመደበኛም፣ በማታም፣ በቅዳሜና እሑድም መማር ይቻላል። ክፍያውን ከመጠየቃችሁ በፊት ግን የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ኮርሱን ሐንድአውት ከነባር ተማሪ ተውሳችሁ ግለጡት። አዋጅ 377/1996ን የሚያስተምር ከሆነ ጊዜው አልፎበታል፤ በ2011 በወጣው አዋጅ 1156 ተተክቷል። የሙከራ ጊዜ ከ45 ተከታታይ ቀን ወደ 60 የሥራ ቀን፣ የመጀመሪያ ዓመት ፈቃድ ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀን ከፍ ብሏል።

ምልመላው፣ ሥልጠናው፣ የአፈጻጸም ምዘናው በደንብ ይሰጣል። የሚሳሳው ስሌቱ ነው። ጣና ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ በወር 10,400 ብር የሚከፈለው አስተናጋጅ አለ እንበል። 26 ቀን በ8 ሰዓት 208 ሰዓት ይሆናል፤ የአንዱ ሰዓት ዋጋ 50 ብር ነው። ትርፍ ሰዓቱ ከንጋቱ 12 እስከ ማታ 4 ሰዓት 75፣ ከዚያ በኋላ እስከ ንጋት 87.50፣ በሳምንት ዕረፍቱ 100፣ በጥምቀት ቀን ደግሞ 125 ብር ይታሰባል። ከወር ደመወዙ ለጡረታ 7 ከመቶ፣ 728 ብር ይቆረጣል፤ ድርጅቱ 11 ከመቶ፣ 1,144 ብር ይጨምራል። አዲስ ተመራቂ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፦ ጡረታውን ትርፍ ሰዓቱን ደምሮ ይቆርጣል፣ ግብሩን ከመደበኛ ደመወዙ ብቻ ያሰላል። መሆን ያለበት ተገላቢጦሹ ነው። (ከግብር ነጻ የሆነው 600 ብር ነው የሚል ሠንጠረዥ ካያችሁም ያረጀ ነው፤ ከ2017 ማሻሻያ ወዲህ 2,000 ሆኗል።)

ሌላው ክፍተት ደብዳቤ መጻፍ ነው። በስድስት ወር ስምንት ጊዜ ያረፈደን ሠራተኛ ወዲያውኑ ማሰናበት የሚቻለው ስለ ማርፈዱ አስቀድሞ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠው ብቻ ነው። አለቃው በቃል ቢቆጣ፣ ቢገሥጽ ፍርድ ቤት አይቆጥርለትም። ጥፋቱ ከታወቀ 30 የሥራ ቀን ካለፈም የማሰናበት መብቱ ይቀራል። ይህን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያጽፍ የሚያስመርቅ የትምህርት ክፍል ግማሽ ሥራ ነው የሠራው።

ክልል ቢሮ የመቀጠር ሐሳብ ያለው ደግሞ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ለብቻው መሰጠቱን ይጠይቅ፤ አዋጅ 1156 እነሱን አይመለከትም። የተግባር ልምምዱም የት እንደሆነ ጠይቁ፦ ፋይል ከማደራጀት አልፎ ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ሰነድ) የሚያስነካ ቦታ ከሆነ ያዋጣል።