ያገለገለ ኬጅ ከነዶሮው ስትገዙ ቅንቅኑንም እንዳትገዙ

ከማርቆስ እስከ ባህር ዳር ባለው መንገድ እንቁላል ጣይ ዶሮ ልትጀምሩ ያሰባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳትከፍሉ። ሰሞኑን “ኬጅ ከነዶሮው፣ በአስቸኳይ የሚሸጥ” የሚል የዶሮ ማደሪያ ሽያጭ ማስታወቂያ በየቦታው በዝቷል። ወቅቱ ነው። ሁዳዴ ሲገባ እንቁላል ገዢ ያጣል፣ ዶሮዋ ግን አትጾምም፣ መኖዋን ትፈልጋለች፣ ስለዚህ ወጪውን ያልቻለ ሰው ሁሉንም ጠቅልሎ ይሸጣል። ገዢው ደግሞ ለፋሲካ ገበያ እደርሳለሁ ብሎ ይጣደፋል። ከሻጮቹ ብዙዎቹ የቸገራቸው ሰዎች ናቸው፣ እነሱን አልወቅስም። ቅንቅን የወረሰውን ኬጅ እያወቁ ሰው ላይ የሚያራግፉ ግን አሉ፣ እኛም ላይ የደረሰው ይሄው ነው።

ሻጩ የቀጠረን ቀትር ላይ ነው። ዶሮዎቹን አንድ በአንድ አገላበጥናቸው፣ ምንም የለም። አንዳንዶቹ ላባቸው ሳስቷል። “ላባ እየቀየሩ ነው እህቴ፣ ከዚህ በኋላ ነው ደህና አድርገው የሚጥሉት” አለኝ። ማታ ተመልሰን እንያቸው ስንለው “ዶሮ ማታ ከተረበሸ እንቁላል ያቆማል” ብሎ መለሰን። አሁን ሳስበው ሰውየው ሥራውን አሳምሮ ያውቃል። ቀዩ የዶሮ ቅንቅን ቁጥሩ ከመጠን ካላለፈ በቀር ቀን ዶሮ ላይ አይውልም። የእንጨት ስንጥቅ ውስጥ፣ የምስማር ቀዳዳ ውስጥ፣ ቆጡ ከቋሚው ጋር በሚገጥምበት ቦታ ተደብቆ ይውላል። ሲመሽ ወጥቶ ደም ይመጥና ሳይነጋ ወደ ስንጥቁ ይገባል። ቁመቱ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ሲርበው ግራጫ ነው፣ ሲጠግብ ይቀላል። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ ዶሮ አገላብጦ “ንጹህ ነው” ማለት ዋጋ የለውም።

አንደኛው ኬጅ ባዶውን የቆመ ነበር። “ይሄማ ዶሮ ከወጣበት ቆይቷል፣ ምን ተባይ ይኖረዋል” አለ። ይህም አያስኬድም። ይሄ ተባይ ሳይበላ ለወራት ይቆያል፣ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ እስከ ስምንት ወር የሚቆይም አለ። ባዶ የከረመ የእንጨት ኬጅ ገዛችሁ ማለት የራበው ቅንቅን ገዛችሁ ማለት ነው።

በጣም ያናደደኝ ግን ምራቂው ነው። በፌስታል የታሰረ ነጭ ዱቄት ሰጠን። “ትንሽ ካሳከካቸው ይቺን ነስንሱባቸው፣ ሲያልቅ ደውሉልኝ፣ በቅናሽ አመጣላችኋለሁ።” ጤነኛ ዶሮ የሚሸጥ ሰው የተባይ ዱቄት ምን አስመረቀው? ስም የለው፣ የሚያበቃበት ቀን የለው፣ መጠን የለው። ሽታው ጎተራ ውስጥ ለነቀዝ የሚደረገውን ኬሚካል ይመስላል። ይህ ነገር ዶሮ ላይ ሲነሰነስ በቆዳዋም በምግቧም ይገባል፣ ከዚያ እንቁላሉ ውስጥ ሊገኝ ይችላል፣ እንቁላሉን ደግሞ ልጆቻችን ናቸው የሚበሉት። በአገራችን ፀረ ተባይ ሳይመዘገብ እንዳይሸጥ የሚከለክል አዋጅ አለ፣ ቁጥሩ 674/2002 ነው። በፌስታል የሚሸጥላችሁን ሰው “የታሸገበትን ዕቃ አሳየኝ” በሉት። ያኔ ወሬ ይቀይራል።

ቅንቅን ያለባቸው ዶሮዎች ቤት ከገቡ በኋላ የሚታየው እንዲህ ነው። እንቁላል ይቀንሳል። ራሳቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ይገረጣል። ሲመሽ ቆጥ ላይ አንወጣም ይላሉ፣ እንቁላሉ ቅርፊት ላይ ደቃቅ የደም ነጠብጣብ ይታያል። እንቁላል የሚሰበስበው ሰውም ክንዱን ሲያክክ ያድራል። መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ ሙቀት ነው፣ በሙቀት ቅንቅኑ ከራሱ እንቁላል ተነስቶ እስኪዋለድ የሚፈጀው ከሰባት እስከ አሥር ቀን ብቻ ነው። በሁዳዴ የገዛችሁት ጥቂት ቅንቅን ለፋሲካ ቤቱን ሞልቶት ይጠብቃችኋል።

እንግዲህ ልትገዙ ከሄዳችሁ ከመሸ ሂዱ። ባትሪ ያዙ። የቆጡን ጫፍና መጋጠሚያውን በቢላ ጫፍ ጫር ጫር አድርጉት፣ ነጭ ሶፍትም ተጫኑበት። ሶፍቱ ላይ ቀይ ጭረት ከቀረ በቃ፣ ደም የጠጣ ቅንቅን ጨፍልቃችኋል። ስንጥቁ ዳር ጨውና ቁንዶ በርበሬ የተቀላቀለ የሚመስል ብናኝ ካያችሁም ያው ነው። ማታ አታዩም ካለ ጥላችሁ ውጡ። ዋጋው የገበያው ግማሽ ቢሆንም ውጡ።

የገዛችሁም ካላችሁ አዲሱን ዶሮ ከቤቱ ዶሮ ጋር አትቀላቅሉ። ኬጁን ባዶ አድርጉና ፍቁት፣ በየስንጥቁ የፈላ ውኃ ጨምሩበት። መጋጠሚያውን ነጭ ጋዝ የሚቀባም አለ። የምትቀቡ ከሆነ ውጭ አውጥታችሁ፣ እሳት በሌለበት ይሁን፣ ዶሮዎቹንም ሽታው ሳይጠፋ አትመልሱ። አንድ ጊዜ አጥባችሁ እንዳትተዉት። የተባዩ እንቁላል ሊተርፍ ስለሚችል በሳምንቱ መድገም ነው፣ ከዚያም እንደገና። እናቶቻችን አመድ ከምረው ዶሮ የሚያንደባልሉት በከንቱ አይደለም፣ ዶሮዋ ላይ ያለውን ያቀልላታል፣ እንጨት ውስጥ የተወሸቀውን ግን አይነካውም። አይቨርሜክቲን የሚባለውን የተባይ መድኃኒት በራሳችሁ ገዝታችሁ ዶሮዎቹን እንዳትወጉ። የወረዳችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ፣ እንቁላሉ ለስንት ቀን እንደማይበላም አብራችሁ ጠይቁት። በጣም የተበላሸ እንጨት ከሆነ ደግሞ አትድከሙ፣ ማገዶ አድርጉት። የብረት ኬጅ ዋጋው ይወደዳል እንጂ መደበቂያው ትንሽ ነው፣ ለማጠብም ይቀላል።

ገንዘብን በተመለከተ፣ እኛ ስንደውል ሰውየው መጀመሪያ “የእናንተ ቤት ነው የቆሸሸው” አለ፣ ቀጥሎ ስልኩ አይነሳም። ስለዚህ ግማሹን ክፈሉ፣ ቀሪውን ዶሮዎቹ አንድ ሌሊት ካደሩና በባትሪ ካያችኋቸው በኋላ። ይህንንም በወረቀት፣ ምስክር ባለበት።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ኬጅ ልታዩ የምትሄዱ ካላችሁ ግን በውስጥ ጻፉልኝ፣ ከመሸ አብሬያችሁ እሄዳለሁ፣ ባትሪው ከእኔ።