ለጋሼ መርፌ ለወጋችልኝ ልጅ

ሰላም የሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግና የአካባቢው ሰዎች። ዛሬ የምጽፈው አንዲት ልጅ ለማመስገን ነው። ስኳር ያለበት ድመት ኖሯችሁ ሀገር ቤት መሄድ ያቃታችሁ ካላችሁ ደግሞ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ድመቴ ጋሼ ይባላል። እማዬ «ድመት እንዴት ጋሼ ይባላል?» ብላ ተቆጥታኝ ነበር። አረማመዱን ብታይ አትቆጣም። 11 ዓመቱ ነው፣ ድሮ 17 ፓውንድ ይመዝን ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት ውሃ አብዝቶ መጠጣት ጀመረ። የሚሸናበትን አሸዋ ለውጬ ሳልጨርስ ይረጥባል። እየበላ ይከሳል። በኋላ የኋላ እግሩ ተረከዝ መሬት እየነካ መሄድ ሲጀምር ደንግጬ ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ስኳር ነው ተባልኩ። ለእማዬ ስነግራት ሳቀች። እሷም ስኳር አለባት። «ድመት ደግሞ ምን አግኝቶ ነው ስኳር የሚይዘው?» አለች።

ደረቅ ምግቡ ቀርቶ ካርቦሃይድሬት ያነሰው የጣሳ ምግብ ተተካ፣ በየ12 ሰዓቱ 2 ዩኒት ኢንሱሊን ታዘዘ። የእኔ ሥራ አረጋውያንን ቤታቸው መንከባከብ ነው። የኢንሱሊን መርፌ በየቀኑ የማየው ነገር ነው። ጉዴም የመጣው ከዚያ ነው። አውቃለሁ ብዬ አልጠየቅኩም።

መስከረም ላይ ለአባቴ ሙት ዓመት 3 ሳምንት አዲስ አበባ መሄድ ነበረብኝ። ጎረቤቴ አበላዋለሁ፣ መርፌ ግን አልነካም አለች። አልፈርድባትም። ሌላ ቦታ አላሳድረው ነገር፣ ጋሼ ከቤቱ ከወጣ ምግብ አይነካም። ያልበላ ድመት ላይ ኢንሱሊን መውጋት ደግሞ አደጋ ነው። ቤተ ክርስቲያን የማውቃት ሴት ናት ይህችን ልጅ የጠቆመችኝ። ቬት ቴክ ነች፣ የእንስሳት ነርስ በሏት። ከሥራዋ በፊትና በኋላ ሰው ቤት እየሄደች መርፌ ትወጋለች።

ከመሄዴ 10 ቀን በፊት መጣች። ጋሼን እንኳ ሳታይ «ፍሪጁን ክፈቺልኝ» አለች። ብልቃጡን አየች። ስሪንጁን አየች። ተመልሳ ብልቃጡን አየች። «ይሄን ስሪንጅ ሐኪሙ ነው የሰጠሽ?»

አይደለም። እነሱ የሰጡኝ ሲያልቅ ፋርማሲ ሄጄ የሰው ስሪንጅ ነው የገዛሁት። ቀጭን መርፌ፣ ቁጥር ያለው፣ በቃ አንድ ነው ብዬ።

አንድ አይደለም ለካ። የጋሼ ኢንሱሊን ዩ-40 ነው፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 40 ዩኒት አለው። የሰው ስሪንጅ የተሰመረው ለዩ-100 ነው። እኔ 2 ቁጥር ላይ እየቀዳሁ ስወጋው እሱ ያገኝ የነበረው 0.8 ዩኒት ብቻ ነው። ለ5 ሳምንት! ስኳሩ አልወርድ ብሎ ስሟገት የከረምኩት ከራሴ መርፌ ጋር ነበር። «ተመስገን በይ» አለችኝ። ዩ-100 ኢንሱሊን በዩ-40 ስሪንጅ ቀድቼ ቢሆን ኖሮ ሁለት ተኩል እጥፍ ይገባበት ነበር። የዩ-40 ስሪንጅ ብዙ ጊዜ ክዳኑ ቀይ ነው፣ የዩ-100 ብርቱካናማ። ግን ክዳኑን ሳይሆን ጽሑፉን አንብቢ አለችኝ።

እኔ ብሆን ወዲያው ትክክለኛውን ስሪንጅ ገዝቼ 2 ዩኒት እወጋ ነበር። እሷ እምቢ አለች። መጀመሪያ ሐኪሙ ጋ እንደውል አለች፣ ደወልን፣ በስንት እንደሚጀመር እሱ ወሰነ። ቅዳሜ ዕለት ደግሞ ቤቴ ዋለች። በየ2 ሰዓቱ ከጆሮው ጠርዝ አንድ ጠብታ ደም እየወሰደች ለካች። ሐኪም ቤት ከሄደ በድንጋጤ ብቻ ስኳሩ ከፍ ስለሚል ቤት መለካቱ ይሻላል። እዚያው የጥብስ ፍርፋሪ ስሰጠው አይታ ተቆጣችኝ። ሽንኩርት ለድመት መርዝ ነው።

የሰዓቱን ነገር ልንገራችሁ። ፍሪጁ ላይ «1 ሰዓት እና 1 ሰዓት» ብዬ ለጠፍኩላት። ልጅቷ እዚህ ያደገች ናት። ማንበቧን ታነባለች። አየችውና «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» አለችኝ። ሳቅሁ፣ ከዚያ ቀዝቀዝ አልኩ። በፈረንጅ ቢሆን እኮ ሌሊት 1 እና ቀን 1 ነው፣ ልዩነቱ ያው 12 ሰዓት ስለሆነ የሚያስጠረጥር ነገር የለውም። ወረቀቱን ቀድዳ 7 እና 7 ብላ ጻፈች።

በመስከረም እዚህ ጠዋት 7 ሲሆን አዲስ አበባ ቀን 8 ሰዓት ነው። እዚህ ማታ 7 ሲሆን እዚያ ሌሊት 8። በየመርፌው ሁለት ፎቶ ይመጣልኛል፤ የተላሰው ሳህን፣ ከዚያ የተቀዳው ስሪንጅ ከነቁጥሩ። መጀመሪያ ይበላል፣ ከዚያ ይወጋል። የሌሊቱን እያየሁ ነበር የምተኛው።

በሁለተኛው ሳምንት የሳህኑ ፎቶ ሙሉ ሆኖ መጣ። ጋሼ አስመልሷል፣ ምግብም አልነካ። አልወጋችውም። ሐኪሙ ጋ ደወለች፣ የጠዋቱን ዝለዪ አላት። ሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ ስታየው ዋለች። ቢንገዳገድ ወይም ቢዝል ድዱ ላይ የምትቀባው ማር አዘጋጅታ፣ ሐኪም ቤት የምትወስድበትን ሳጥን በር ላይ አስቀምጣ። ማታ በላ። ማታ ወጋችው። እማዬ ያን ዕለት ቡና እየወቀጠች ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ፦ «ጋሼ በላ?»

ሌላ ቀን ደግሞ ሲወራጭ ግማሹ ፀጉሩ ላይ ሳይፈስ አይቀርም ብላ ጻፈችልኝ። ድገሚው ልላት ነበር። «ስንት እንደገባ ካላወቅን አይደገምም፣ እስከ ማታ ይጠብቅ» አለች። ይህንንም አላውቅም ነበር።

አሁን ጋሼ ውሃውን ቀንሷል፣ እግሩም ቀና እያለ ነው። አንዳንድ ድመት ከነጭራሹ ከኢንሱሊን ይወጣል ይባላል፣ ሐኪሙ ገና ነው ብሎኛል።

ለአንድ ጊዜ 25 ዶላር ነው የከፈልኳት፣ በቀን ሁለቴ ትመጣለች። አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ስልክ ቶሎ አታነሳም። ቴክስት አድርጉላት። የምትሠራው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተንና ታኮማ ፓርክ ብቻ ነው። ሳትጠየቅ ስሟን እዚህ አልለጥፍም፣ በውስጥ ጻፉልኝና አገናኛችኋለሁ። ስትጠሯት ከሐኪሙ የተሰጣችሁን ወረቀት አዘጋጁ፣ ያለ እሱ መርፌ አትነካም።

ለገና ሀገር ቤት የምትሄዱ ከአሁኑ ያዟት። ከዲሴምበር 28 እስከ ጃንዋሪ 12 ግን ጋሼ ይዟታል። በፈረንጅ ነው።