በክረምት ባሌ፦ ጉሙ፣ ቀበሮውና የቀረብን ቀብድ

ነሐሴ ላይ ባሌ ልንሄድ ነው ስንል እናቴ ከት ብላ ሳቀች። «ሰው በክረምት ቤቱ ይገባል፤ እናንተ ጭራሽ ጉም ውስጥ ልትገቡ?» እውነቷን ነው። ግን እኔና ባለቤቴ አንድ ላይ የሥራ ፈቃድ የምናገኘው በዚህ ወር ብቻ ነው። ሁለታችንም የአዲስ አበባ ልጆች ነን፤ ከአገር ከወጣን 14 ዓመት ሆነን። ቀይ ቀበሮን የምናውቀው በፖስተር፣ የደጋ አጋዘንን ደግሞ በአሥር ሳንቲም ላይ ነው። ዘንድሮ በዓይናችን እንይ አልንና አምስት ቀን ሄድን። ወደ ባሌ ሮቤ አውሮፕላን አለ፤ እኛ ግን መንገዱንም ፈለግነው።

ከመኪናው ልጀምር፤ አንጀቴን ያሳረረኝ እሱ ነው። ከአከራዮቹ ጋር በስልክ የተስማማነው በላንድክሩዘር ነበር። ግማሹን ቀብድ ላክን። በጠዋት በር ላይ ቆሞ ያገኘነው ግን ዕድሜ የጠገበ ፒክአፕ ነው። ስደውል «ያው ነው እህቴ፣ እሱም ፎር ባይ ፎር ነው» ተባልኩ። አልነበረም። ሳኔቲ አምባ ጭቃ ላይ ስንደርስ የፊት ጎማው እንደማይስብ አወቅን። በሹፌሩ በኩል ያለው የዝናብ መጥረጊያ ደግሞ አሰላ ሳንደርስ ቆመ። ስኮርታ ጎማ አለ፣ ክሪክ የለም። ይህን መቼ እንዳወቅን ገምቱ! ከጎባ በላይ ዳገቱ ላይ ጎማ ተነፈሰብን። ከዶሎ መና በኩል የመጣ አንድ የአይሱዙ ሹፌር ቆሞ ክሪኩን አዋሰን። ገንዘብ ስናወጣ «ምን ነካችሁ!» ብሎ ተቆጣን።

ቀብድ ከመላካችሁ በፊት የመኪናውን ታርጋና የጎማዎቹን ፎቶ አስልኩ። ስትረከቡም አታፍሩ፤ ክሪኩ ወጥቶ ይታይ።

ሹፌሩን ግን ከመኪናው ለዩልኝ። ልጅ እግር ነው፤ ባለቤቴን «ጋሼ»፣ እኔን «እትዬ» እያለ አስረጅቶን ነው የተመለሰው። ከበቆጂ በኋላ ጉሙ መንገዱን ሲሸፍነው መስኮቱን ከፍቶ፣ ሬዲዮውን አጥፍቶ፣ በጆሮው ይነዳ ጀመር። ኩርባ ላይ ክላክስ ያደርጋል፣ ያዳምጣል፣ ያልፋል። ባለቤቴ «ምነው ፈጠን ብትል» ሲለው «ጋሼ፣ በሬ መብራት የለውም» አለው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ እውነትም በሬዎች መሐል መንገዱን ይዘው መጡ።

ዲንሾ ላይ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን መግቢያ ስንከፍል የአገር ሰውና የውጭ ዜጋ ዋጋ ይለያያል። ቢጫ ካርዳችን፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያችን፣ አዲስ አበባ ሻንጣ ውስጥ ቀርቷል። በእጃችን ያለው የውጭ ፓስፖርት ነው፤ እንደ ፈረንጅ ከፈልን። ጥፋቱ የራሳችን ነው። አስጎብኚም እዚያው ዲንሾ ያዝን። ዕድሜያቸው ሃምሳዎቹ ውስጥ የሚሆን፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ከከፈልነው ሁሉ ያልቆጨን የእሳቸው ነው።

አጋዘኑን ለማየት አልተቸገርንም። በዋናው ጽሕፈት ቤት ዙሪያ ያለው የኮሶና የጥድ ደን ውስጥ ሰው እምብዛም አይፈሩም። ዝናብ እየወረደባቸው ቆመው ያመነዥካሉ። ወንዱ ትልቅ ነው፤ ቀንዱ ይጠመዘዛል፤ ጎኑ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለው። ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ካሉት የኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር ዓለም ላይ የትም የለም። ሳይንስ ስም ያወጣለት በ1910 እ.ኤ.አ. ነው፤ የባሌ ገበሬ ግን ሰብሉን ሲበላበት የኖረውን እንስሳ ለማወቅ ሳይንስን የሚጠብቅ አይመስለኝም። ባለቤቴ ከኪሱ አሮጌ አሥር ሳንቲም አውጥቶ ከፊቱ ጋር ያስተያይ ነበር። ሳንቲሟን ለዚህ ብሎ ከእናቴ መሳቢያ ይዞ መምጣቱን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ያደርንበት ፔንሲዮን ግድግዳ ላይ «ወደ ዓለም ቅርስ እንኳን ደህና መጡ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ መዝገብ ላይ መስፈሩን ለማለት ነው። ከጎኑ «24 ሰዓት ሙቅ ውሃ» ይላል። ሙቅ ውሃ የለም። ብርድ ልብሱ ረጥቧል። በቴሌብር ልክፈል ስል «ሲስተም የለም» ተባልኩ፤ ስለዚህ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ማታ ግን አንዲት የቤቱ ሠራተኛ በባልዲ የፈላ ውሃ ይዛልን መጣች፤ ጫማችንንም ወስዳ ማድቤት ምድጃ ዳር አስጥታ አደረች። ለፔንሲዮኑ ሁለት ኮከብ፣ ለእሷ አምስት።

በማግስቱ ሳኔቲ ወጣን። አምባው 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል። እኔ ራሴን ፈለጠኝ። ዙሪያው ጅብራ ብቻ ነው፤ ጉም ውስጥ ሲታይ ሰው ተሰልፎ የቆመ ይመስላል። አንድ ሰዓት ዞርን፣ ምንም የለም። ባለቤቴ ወደ ፊት እንሂድ አለ። አስጎብኚው አልተቀበሉም። ሞተሩን አስጠፍተው «ዝናቡ ሲያቆም ፍልፈሉ ይወጣል። ፍልፈሉ ሲወጣ እሱ ይመጣል» አሉ። የባሌ ግዙፍ ፍልፈል ከባሌ ውጭ የለም፤ ለቀይ ቀበሮው ዋና ቀለቡ ነው። ቀበሮው በቀን የሚያድነውም አይጦቹና ፍልፈሎቹ በቀን ስለሚወጡ ነው።

ቁጭ አልን። መስታወቱ በትንፋሻችን ደመነ። ከ40 ደቂቃ በኋላ ዝናቡ አባራ። አንድ ፍልፈል ከጉድጓዱ ግማሽ አካሉን አውጥቶ ሣር እየነጨ ወደ ውስጥ ይጎትት ጀመር። እኔ እሱን ሳይ ባለቤቴ ክንዴን ጨበጠኝ። ቀይ፣ ቀጭን፣ እግረ ረጅም። ጆሮውን ወደ ፊት ቀስሮ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ ቆሟል። ከዚያ ሆዱን ምድር አስነክቶ ይሳብ ጀመር። ዘለለ፤ ሳተ። ፍልፈሉ ገባ። ቀበሮው አካባቢውን አሽትቶ ሄደ፤ እኛን ዞር ብሎም አላየን። አስጎብኚው በኦሮምኛ «ጄዳላ ፋርዳ» እንደሚባል ነገሩን፤ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው። ባዝራ ስትወልድ እንግዴ ልጁን ለመብላት ስለሚከተላት ነው ይላሉ።

በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚጨርሳቸው ከእረኞች ውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ ምሳችሁን ስትበሉ አጥንት አትጣሉ፤ ውሻ ትጠራላችሁ። እኛም ልንጥል ስንል ነው አስጎብኚው የተቆጡን።

ከሳኔቲ ጫፍ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሀረና ደን ይወርዳል። ከደቡብ የሚመጣው እርጥብ አየር ተራራው ሲያግደው ሽቅብ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ጉም ይሆናል። ደኑ የሚኖረው በዚያ ጉም ነው። መጀመሪያ አስታ፣ ዝቅ ሲሉ ቀርከሃ፣ ከዚያ ግንዱ በአረንጓዴ ሽበት የተሸፈነ ትልልቅ ዛፍ። ዝናብ ባይኖርም ከቅጠሉ ይንጠባጠባል። የባሌ ጦጣ ከምንም በላይ የቀርከሃ ቅጠል ስለሚወድ አስጎብኚው ቀርከሃው ጋ አቆሙን። ሦስት ጦጣዎች ለአፍታ ታዩን፤ ባለቤቴ ካሜራውን ሲያደርቅ ጠፉ። በፎቶው ላይ ያለው የሚወዛወዝ ቀርከሃ ነው። ጉሬዛ ግን እስኪበቃን አየን። አንበሳም አለ ይባላል፤ እኛ ያየነው የከብት ዳና ብቻ ነው።

ሪራ መንደር አንዲት እናት ቤት ተጠለልን። የጫካ ቡና ቆልተው አፈሉልን፣ ከረጃጅሙ ዛፍ ላይ ከተሰቀለ ቀፎ የወረደ ማር አቀረቡ። «በዝናብ ምን አመጣችሁ?» አሉ፤ እናቴ የጠየቀችውን ነው። ቀበሮ ፍለጋ ነው ስንላቸው ለጎረቤታቸው በኦሮምኛ ነገሯትና አብረው ሳቁ። ማሩን ገዛን፤ ግማሹ መንገድ ላይ አለቀ።

መኪናውን ስንመልስ የላንድክሩዘሩንና የፒክአፑን ልዩነት ይመልሱልናል ተባብለን ነበር። «ሒሳብ ሠራተኛው ነገ ይገባል» አሉን። ከተመለስን አራት ሳምንት ሆነን። ባለቤቴ ሰኞ ሰኞ ይደውላል፤ ሒሳብ ሠራተኛው አሁንም ነገ ነው የሚገባው።