ግቢያችሁን በሥዕል ብቻ አታስረክቡ

ግቢ ለማሳመር ከአንድ ሠሪ ጋር ተስማምታችሁ ቅድሚያ ክፍያ ልትከፍሉ ከሆነ ገንዘቡን ሳትሰጡ ይህን አንብቡልኝ።

እኔን ያታለለኝ ሥዕል ነው። ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው መጥቶ ግቢዬን በስልኩ ፎቶ አነሳ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ በኮምፒውተር የተሠራ ምስል ይዞ ተመለሰ። ሰፊ የድንጋይ ንጣፍ፣ ስድስት ወንበር ያለው ጠረጴዛ፣ ግድግዳውን ተከትለው የተደረደሩ ቁጥቋጦዎች፣ መሀሉ ላይ ሣር። ዲዛይኑ በነጻ ነው አለኝ፤ የሥራውን ግማሽ ዋጋ ግን በዚያው ሳምንት መክፈል ነበረብኝ። ከፈልኩ። ሰውየው ግቢዬ ውስጥ አንድም ጊዜ ሜትር እንዳልዘረጋ ልብ ያልኩት ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ውሃው ንጣፉን ተከትሎ ቀጥታ ወደ ሳሎኑ በር መጣ። ንጣፉ ያዘነበለው ወደ ቤቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ይህ ነው፤ ከቤቱ መሠረት ጀምሮ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 3 ሜትሮች አፈሩ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ መሄድ አለበት። ንጣፍ ከሆነ ደግሞ ከቤቱ እየራቀ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር መውረድ ይበቃዋል። ይህን ያህል ተዳፋት በዓይን አይለይም፤ ጠረጴዛም አያናጋም፤ ውሃ ግን መንገዱን አይስተውም። ስለዚህ ሠራተኞቹ ድንጋይ ሲያነጥፉ አጠገባቸው ቆማችሁ ውሃ ልኩን ራሳችሁ ተመልከቱ። የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊትም በጎማ ውሃ ልቀቁበትና ወዴት እንደሚሄድ እዩ።

ንጣፉ ብዙም ሳይቆይ እዚህም እዚያም ሰመጠ። አንዱን ድንጋይ ሳነሳው ከሥሩ ያገኘሁት ስስ አሸዋና ያልተጠቀጠቀ ሙሌት ነው። ለእግረኛ መንገድ እንኳ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል በደንብ የተጠቀጠቀ ጠጠር ያስፈልጋል። ድንጋዩ ሳይሸፍነው በፊት ፎቶ አንሱት፤ ከተሸፈነ በኋላ ክርክር ብቻ ነው የሚተርፋችሁ። ሣሩ ለምን እንደጠወለገ ስቆፍርም የተሰባበረ ብሎኬትና የሲሚንቶ ፍርስራሽ አገኘሁ። ቆሻሻውን ከግቢ ማውጣት ሲገባቸው በላዩ ላይ ስስ አፈር በትነውበት ነበር። በጣም ያበሳጨኝ ይህ ነው፤ ሆን ተብሎ የተደበቀ ነገር ስለሆነ።

የመቀመጫው ቦታ በምስሉ ላይ አዳራሽ ይመስል ነበር። ወንበሮቹ ግን በኮምፒውተር የተሳሉ ናቸው፤ እንደተፈለገው ያንሳሉ። ተቀምጦ ለመነሳትና ከኋላ ለማለፍ ከጠረጴዛው በየጎኑ ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ያስፈልጋል፤ እኔ ጋ ወንበር ወደ ኋላ ሲሳብ እግሩ ሣሩ ላይ ያርፋል። በዚያ ላይ ቦታው ወደ ምዕራብ የዞረ በመሆኑ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትመታናለች። ገመድ ዘርግታችሁ የራሳችሁን ወንበሮች አውጡና በምትቀመጡበት ሰዓት ለጥቂት ቀናት ተቀመጡበት። ምንም ወጪ የለውም፤ እኔን ግን ከብዙ ኪሳራ ያድነኝ ነበር።

ቁጥቋጦዎቹ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ርቀት ላይ ተተክለዋል። ሲያድጉ 3 ሜትር የሚሰፉ ዓይነት ናቸው። ችግኝ የሚተከለው ዛሬ ባለው ቁመናው ሳይሆን ሲያድግ በሚኖረው ስፋት ተለክቶ ነው፤ ቢያንስ የስፋቱን ግማሽ ያህል ከግድግዳው መራቅ ነበረባቸው።

ቅሬታዬን ሳቀርብ ሰውየው የመለሰልኝ «ውሉ ላይ ስለ ተዳፋት የተጻፈ ነገር የለም» ብሎ ነው። እውነቱን ነው፤ የለም። ውሉ የሚለው «በምስሉ መሠረት» ብቻ ነው። እናንተ ግን በልኬት የተሠራ ፕላን ጠይቁ። ሰሜን የት እንደሆነ፣ የመሬቱ ከፍታና ዝቅታ፣ የቧንቧና የፍሳሽ መስመሮች፣ የንጣፉ ሥር ውፍረት፣ የየተክሉ ስምና ሲያድግ የሚኖረው ስፋት ይጻፍበት። ይህ ወረቀት የውሉ አካል ይሁን፤ ክፍያውም ሥራው በደረሰበት ደረጃ ልክ ይከፋፈል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ ዝናብ ሲጥል ውሃው በየት በኩል ይወጣል? መልሱን በቃል አትቀበሉ፤ ፕላኑ ላይ በቀስት ያሳያችሁ። ቀስቱን መሳል ካልቻለ ገንዘባችሁን አትስጡት።