ኤች4 ኤልኢዲ አምፖል፦ መኪና ላይ ከመግጠማችሁ በፊት ቤት ውስጥ ፈትኑት

በደብረ ብርሃን የመለዋወጫ ሱቆች ለቪትዝና ለኮሮላ የሚሸጠው ኤች4 ኤልኢዲ (አጭርና ረጅም መብራትን በአንድ የያዘ ባለ ሦስት እግር የፊት መብራት አምፖል)፣ ሻጩ ባትሪ ላይ አስነክቶ ሲያሳያችሁ ሁሌም ያምራል። ግን ለአስር ሴኮንድ ያልበራ አምፖል የለም። ጥሩውና መጥፎው የሚለየው ግማሽ ሰዓት ከበራ በኋላ ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው፤ የመኪና ወይም የሶላር 12 ቮልት ባትሪ፣ በፖዘቲቩ ገመድ ላይ 5 አምፔር ፊውዝ፣ አንድ መልቲሜትር። የዲኮደር አዳፕተር አትጠቀሙ። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው አምፔር ትንሽ ስለሆነ ደህናው አምፖል ይርገበገብና በከንቱ ትመልሱታላችሁ።

ከሦስቱ እግሮች አንዱ የጋራ ነው፣ ሁለቱ የአጭርና የረጅም መብራት ናቸው። የጋራውን በአሮጌው ሃሎጅን (ክር ባለው በነባሩ አምፖል) ሁለት ሁለት እግር ባትሪው ላይ እያገናኛችሁ ፈልጉ፤ ፊውዙን ግን ለጊዜው 10 አድርጉት። ሁለቱም ክሮች ፈዘዝ ብለው አብረው ከቀሉ የጋራውን ስታችኋል። ካገኛችሁት በኋላ ኤልኢዲውን በሁለቱም አቅጣጫ ሞክሩት፤ አንዴ የጋራው ኔጋቲቭ፣ አንዴ ፖዘቲቭ ሆኖ። ብዙ ቶዮታዎች የጋራውን እግር ፖዘቲቭ ስለሚያደርጉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚበራ አምፖል እነሱ ላይ አይሠራም። “አምፖሉ ተበላሽቷል” ተብሎ ከሚመለሰው የአንዳንዱ ችግር ይሄው ነው።

ከዚያ አምፔሩን ለኩ። ካርቶኑ ለአንድ ፍሬ 100 ዋት ካለ ከ8 አምፔር በላይ መሳብ ነበረበት፤ 2 አምፔር ካነበባችሁ 24 ዋት ነው። ቁጥሩ ቢዋሽም በደንብ የተሠራ 24 ዋት ኤልኢዲ በብርሃን ከ55 ዋት ሃሎጅን አያንስም። ዋናው ነገር ከ30 ደቂቃ በኋላ የምታነቡት ነው፤ ከመነሻው ሲሶ ያህል ከወረደ ሙቀቱን መቋቋም አልቻለም ማለት ነው። አምፖሉን የሚያበርደውን ፋንም ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙት፤ ሲንቋቋ ከሰማችሁ መልሱት።

እዚህ ላይ የደብረ ብርሃን ብርድ ያታልላል። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ክፍት ጠረጴዛ ላይ የበረደ አምፖል፣ ጣርማበርን ወርዶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሌላ ነው። ስለዚህ አሮጌ የፊት መብራት ተውሳችሁ፣ የጎማ ክዳኑን አልብሳችሁ ፈትኑት። ክዳኑ ፋኑን ካፈነው እዚያው ይታወቃል።

አሮጌው መብራት ሌላም ጥቅም አለው። ግድግዳ ላይ ስታበሩት አጭሩ መብራት ከላይ ጥርት ያለ መስመር ሊኖረው ይገባል። ብርሃኑ ወደ ላይ ከተበተነ የአምፖሉን አንገት አዙራችሁ ብርሃን የሚሰጡት ቺፖች ወደ ግራና ቀኝ እንዲያዩ አድርጉ። ይሄ ሁሉ ሆኖ መስመሩ ካልጠራ አትግጠሙት፤ በጣርማበር ጉም ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣው ብርሃን ተመልሶ የራሳችሁን ዓይን ይወጋል፣ ከፊት የሚመጣውንም ሾፌር ያሳውራል።

አጠገቡ ኤፍኤም ሬዲዮ ክፈቱ፤ ካንጫጫ መኪናው ውስጥም ያንጫጫል። ለአይሱዙ የጭነት መኪና የምትገዙ ከሆነ ፈተናው በ24 ቮልት ነው፣ አምፖሉም 9–32 ቮልት የሚል ይሁን።

እነዚህን ያለፈ ጥንድ ዋጋው ይገባዋል። ሃሎጅኖቹን ግን ካርቶኑ ውስጥ አድርጋችሁ መኪናው ውስጥ አስቀምጧቸው።